«ትርፍ መሬት» ከማን የተረፈ ነው?





በአገራችን መሬት አይሸጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በየከተማው ማዘጋጃ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአዲስ አበባም በአስተዳደሩ ጋዜጣ በ«አዲስ ልሳን» ላይ፣ የቦታ ኮድ፣ የካሬ ስፋት፣ የአገልግሎት ዓይነትና የመነሻ ዋጋ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ሲወጣ እናያለን። ስሙ ሊዝ ይባላል። ዘመኑ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ነው። ዛሬ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ የሚጫወት የ10 ዓመት ልጅ፣ ሜዳው ለንግድ ከተላለፈ፣ የሊዙ ዘመን ሲያበቃ የ70 ዓመት ሽማግሌ ይሆናል። ለመኖሪያ ከተላለፈማ ሲመለስ ላያየው ነው። ከሰው ዕድሜ የሚረዝም ኪራይ በወረቀት ላይ ሊዝ ቢባልም፣ ሜዳውን ላጣው ልጅ ሽያጭ ነው።

ሊዝ በራሱ ወንጀል ነው አንልም። ከተማ ያድጋል፤ ቤት፣ ሱቅና ፋብሪካ መሬት ይፈልጋሉ። በግልጽ ጨረታ የሚተላለፍ ቦታም በጓዳ ከሚታደል ቦታ ይሻላል። እኛ የምንቃወመው ከጨረታው በፊት የሚፈጸመውን ነው። አንድ ቦታ «ክፍት ነው»፣ «ባዶ ነው»፣ «ትርፍ ነው» ተብሎ የሚፈረጀው እኛ በማንገባበት ቢሮ ውስጥ ነው። ዋናው ሽያጭ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ጨረታው የመጨረሻው ማኅተም ብቻ ነው።

እስኪ «ትርፍ» የምትለዋን ቃል እንመርምራት። በቋንቋችን ሁለት ነገር ትናገራለች። አንደኛው ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ የተረፈ ማለት ነው። ሁለተኛው ነጋዴ ሸጦ የሚያገኘው ጥቅም ነው። ሹማምንት የሕዝብን መሬት ትርፍ ሲሉ በመጀመሪያው ትርጉም ይጀምሩና በሁለተኛው ይጨርሳሉ። ሲጀምሩ ቦታው ከሕዝቡ የተረፈ ነው ይሉናል። ሲጨርሱ ያተረፈውን ሰው እናያለን። ከማን እንደተረፈ ግን ማንም አይነግረንም።

አባቶቻችን ይህችን ቃል በሌላ መልኳ ያውቋታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲሰለፉ፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ሲወጡ፣ ለመንግሥት ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት ነበር። ርስት ተነፍጎት በንግድና በሽመና የኖረ ሕዝብ ጥያቄ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ። ያ ዘመን ስንት ግፍ እንደተሸከመ የምናውቅ ነን። ቃሏ ግን ያኔ የምታመለክተው ወደ ባለ ብዙ ቤቱ ባለጸጋ ነበር፤ ከእርሱ የተረፈው ለሕዝብ ይሁን ነው የተባለው። ዛሬ ፊቷን አዙራለች። ትርፍ የሚባለው የሕዝቡ ሜዳ ሆኗል፤ የሚሄደውም ካሬውን በዐሥርና በመቶ ሺዎች መክፈል ወደሚችል ሰው ነው።

አንድ ቦታ እንዴት «ትርፍ» እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንየው። አንድ ባለሙያ ቦታውን ቆጥሮ «ክፍት» ብሎ ይመዘግበዋል። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ወይም የወጣቶች ማዘውተሪያ ተብሎ ተቀምጦ ከሆነ የፕላን ማሻሻያ ይዘጋጅለታል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ «ይገባኛል የሚል ወገን የለም» ተብሎ ይጻፍለታል። ይሸነሸናል፤ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መሬት ባንክ ይገባል፤ የመነሻ ዋጋ ይወጣለታል። ነዋሪው ነገሩን የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጋዜጣው ቀድሞ የሚሰማው ደላላው ነው።

«ይገባኛል የሚል የለም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉ። ካርታ ያለው ሰው የለም ማለታቸው ከሆነ እውነት ነው። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ካርታ የላቸውም። በሠርግና በለቅሶ ድንኳን የሚጥለው ሰፈርተኛ ሳይት ፕላን የለውም። በርበሬ የምታሰጣዋ እናት የይዞታ ማረጋገጫ አላወጣችም። ጀናዛ ተሸክሞ ለሶላት የሚቆም ጀመዓ የሊዝ ውል አልፈረመም። የዒድ ሶላትን በሜዳ መስገድ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና መሆኑን በየትኛውም መዝገብ ቤት አላስመዘገብንም። ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ማንም በስሙ ያልያዘው ቦታ፣ በፋይሉ ላይ ባለቤት የሌለው ቦታ ይሆናል። የጋራ የሆነው የማንም ያልሆነ ተብሎ ይነበባል። በደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞስ በየትኛው ስሌት ነው የተረፈው? የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ ይዟል። ከመቶው ሠላሳው ክፍት እንዲሆን ያቀደ ከተማ ክፍት ቦታ እንኳን ሊተርፈው ገና ሊያሟላ አልቻለም። ልጆች መኪና በሚተላለፍበት አስፋልት ላይ ኳስ በሚያንከባልሉባቸው ሰፈሮች፣ የመማሪያ ክፍል በተጨናነቀባቸው ትምህርት ቤቶች አጠገብ፣ ሙታን ራቅ ወዳለ መቃብር በሚጫኑበት ከተማ «ትርፍ ቦታ አገኘን» ማለት፣ ልጆቹ ሳይጠግቡ የቀረበውን እንጀራ «ተርፏል» ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

«ገንዘቡ ለልማት ነው የሚውለው» የሚል መልስ እንደሚሰጥ እናውቃለን። መንገዱንም ውኃውንም የምንጠቀመው እኛው ነንና ነገሩን አናቃልለውም። ግን ሦስት ነገር ይመለስልን።

አንደኛ፣ መሬት አንዴ ከወጣ አይተካም። በየዓመቱ ለሚመጣ ወጪ በየዓመቱ የማይመጣ ሀብት መመንዘር፣ ገበሬ ዘሩን እንደ መብላቱ ነው። ዘንድሮ ጠግቦ ያድራል፤ ለከርሞ የሚዘራው የለውም። መሬት ሽጦ ጉድጓድ የሚሞላ አስተዳደር፣ ነገ ትምህርት ቤት ለመሥራት ሲፈልግ በሰው ይዞታ ላይ ካሳ ከፍሎ፣ ቤት አፍርሶ፣ ድሃ አፈናቅሎ ነው ቦታ የሚያገኘው። ዛሬ «ትርፍ» ያለውን ነገ ከጎረቤታችን ቤት ላይ ይፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ትርፍ ነው የሚለው፣ ዋጋ የሚተምነው፣ የሚያጫርተው፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና ቅሬታችንን መጀመሪያ የሚሰማው አንድ አስተዳደር ነው። በጀቱ ከመሬት ገቢ የሚጠብቅ ቤት፣ ስለ አንድ ሜዳ «ይህስ አይነካ» ብሎ በራሱ ካዝና ላይ ይፈርዳል ማለት ዘበት ነው። የዳኛና የነጋዴ ሥራ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማን እንደሚያሸንፍ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የጨረታ ዋጋ በጨረታው አዳራሽ አይቀርም። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ታይቷል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሰው መስገጃውን እንኳ እንደ ልቡ አይዘረጋም! ይህን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ከሱቅ ኪራይ ይመልሳል፤ ባለሱቁ ኪራዩን ከጨርቁ፣ ከዘይቱና ከስኳሩ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ከጨረታው ወሬ እንኳ ያልደረሰው የቀን ሠራተኛ ነው። ሜዳውን ያጣውም፣ ዋጋውን የሚከፍለውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ በር አለ። አዋጁ መሬት በሁለት መንገድ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል፤ በጨረታና በምደባ። ምደባ ጨረታ የለውም፤ ካቢኔ ይወስናል። ለመንግሥት ቢሮ፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለጋራ መኖሪያ ቤት፣ ለእምነት ተቋማት ማምለኪያ፣ ለአምራች ኢንዱስትሪ በዚህ በር ይሰጣል። ይህ ተገቢ ነው፤ ድሃ በጨረታ ከባለ ሚሊዮን ጋር አይወዳደርምና። ግን በዚያው አንቀጽ ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ተብለው ከንቲባው ወይም የክልሉ ፕሬዚዳንት ለካቢኔ የሚመሯቸው ፕሮጀክቶችም ያለ ጨረታ መሬት እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ፋይዳውን የሚመዝነውና መሬቱን የሚሰጠው አንድ ወገን ነው። ነዋሪ የማይጠራበት ስብሰባ ሜዳን ወደ ፎቅ መለወጥ ከቻለ፣ ለአንዱ «ተጫረት» ለሌላው «ውሰድ» ለማለትም በሩ ክፍት ነው። ይህን በር የሚዘጋው ይፋ የሆነ ዝርዝር ብቻ ነው።

ዝርዝር በሌለበት ምን እንደሚሆን መንግሥት ራሱ ነግሮናል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጥር 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን አስታውቋል። ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል መሬት በሌሊት ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ የለም። ልኬት ተለክቶ፣ ማኅተም ተመቶ፣ ዐይን ተጨፍኖ ነው የሚሄደው። በየሰፈሩ የሕዝብ ቦታዎች ዝርዝር በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት ከመቶ ኦዲተር በላይ በጠበቀችው ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! የሕዝብን መሬት ማስተዳደር ምን እንደሚመስል የምንማርበት ታሪክ አለን። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሒማ የተባለ የጋራ የግጦሽ ክልል ነበር። ሁነይ የተባለውን ነፃ ያወጡትን ሰው ጠባቂ አድርገው ሾሙበት። ትእዛዛቸው ግልጽ ነበር፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ተጠንቀቅ አሉት። ሁለቱም ታላላቅ ሰሐቦች ናቸው፤ በእምነታቸው የሚታሙ አልነበሩም። ምክንያቱ ሌላ ነበር። የእነርሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ጥቂት በጎች ካለቁ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጅ ይመጣል። ዑመር ሣሩን ብዙ ለሚከፍል አላጫረቱትም። ማን ያለ እርሱ መኖር እንደማይችል ጠየቁ።

በኢራቅ የሰዋድ ምድር በተከፈተ ጊዜም ከሰሐቦች መካከል መሬቱ ለዘመቱት እንዲከፋፈል የጠየቁ ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ) እንቢ አሉ። ለዛሬዎቹ ከተከፋፈለ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ምን ይቀራል የሚል ነበር ክርክራቸው። ገና ላልተወለደ ሰው ድርሻ ያስቀመጠ መሪ እና ላልተወለደ ልጅ ሜዳ 60 ዓመት ፈርሞ የሚሰጥ ሹም በአላህ ፊት የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው።

ስለ መስጊዶቻችንም ይህንኑ ጉዳይ ሳናነሳ አናልፍም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ የተሰጠው ምክንያት «ሕገወጥ ግንባታ»፣ «ከፕላን ውጪ» የሚል ነበር። ያን በመቃወም በታላቁ አንዋር መስጊድ ድምፃቸውን ያሰሙ ወገኖቻችን ሕይወት ጠፍቷል፤ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ስለ ፕላኑ እንጠይቃለን። ሲወጣ ማን ተጠየቀ? በሺዎች የሚቆጠር ሰው ለሚሰፍርበት አዲስ መንደር ስንት ካሬ ለማምለኪያ፣ ስንት ካሬ ለመቃብር ተቀመጠ? ለንግድ የሚሸነሸን ቦታ ያላጣ ፕላን ለሶላት ቦታ ሲያጣ፣ ጥፋቱ የሰጋጁ ነው ወይስ የፕላኑ? ቦታ በምደባ እንዲሰጥ ሕግ የፈቀደለት ምእመን ለዓመታት ደጅ ጠንቶ መልስ ሲያጣ፣ ሕገወጥ የተባለው እርሱ ነው።

ነገር ግን ጀመዓችንን ከአንድ ወጥመድ እናስጠንቅቅ። «ለመስጊዳችሁ ቦታ ይሰጣችኋል፤ ስለ ሜዳው ዝም በሉ» የሚል ሹክሹክታ ወደ የትኛውም መስጊድ ኮሚቴ ሊመጣ ይችላል። የመስጊድ ቦታ መብታችን ነው፤ የዝምታ ዋጋ አይደለም። የጎረቤት ልጆች ሜዳ ተቀምቶ በጉርሻ በተሰጠ ቦታ ላይ የሚቆም ሚናራ አያምርብንም። ሜዳው የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ የምንሟገትለትም ለሁሉም ነው። ሀብት አላህ የሰጣቸው ወንድሞቻችንም ይስሙ፤ ጨረታ መግባት ንግድ ነው፤ በደላላና በጉቦ የሕዝብ ሜዳ ማዞር ግን፣ የሰው መሬት በስንዝር እንኳ ያለ ሐቅ የወሰደ ምን እንደሚጠብቀው ለተማረ ሰው፣ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለየከተማው አስተዳደር ጥያቄያችን የሚከተለው ነው።

1. ማንኛውም የሕዝብ ቦታ «ክፍት» ተብሎ መሬት ባንክ ከመግባቱ በፊት ቦታው ላይ ሰሌዳ ይተከል፤ የአካባቢው ነዋሪ በ90 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይጠራ፤ ሐሳቡም በጽሑፍ መልስ ያግኝ።

2. በአዋጁ መሠረት በየዓመቱ ይፋ መደረግ ያለበት የጨረታ ቦታዎች ዕቅድ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

3. በምደባ የተሰጠ ቦታ ሁሉ ለማን፣ ስንት ካሬ፣ ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ዝርዝሩ ይውጣ።

4. ከመሬት የተገኘ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይያዝ፤ ከየትኛው ሰፈር ስንት ተገኝቶ ምን እንደተሠራበት ለነዋሪው ይነገር።

5. የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የመጫወቻ ሜዳ፣ የመቃብር፣ የማምለኪያና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት ድርሻ አስቀድሞ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ፣ ያኔ ትርፍ ይባል።

ከየጀመዓው የሚጠበቀውም ሥራ አለ። በየመስጊዱ ሦስት ሰው ይመረጥ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት፣ አንዲት እህት። በመስጊዱ ዙሪያ ያሉትን የጋራ ቦታዎች በእግራቸው ዞረው ይመዝግቡ፤ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ይጻፉ፤ ፎቶ ያንሱ። መዝገቡን ይዘው ወደ እድሩ ይሂዱ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይፈርሙበት። ለወረዳው በደብዳቤ ይቅረብ፤ ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ሳይመታ እንዳይመለሱ። ፋይሉ «ይገባኛል የሚል የለም» ሊል ሲፈልግ የእኛ ደብዳቤ እዚያው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው። ሰሌዳ ሲተከል እንገኝ፤ ስብሰባ ሲጠራ እንሙላ። ድንጋይ የሚያነሳ እጅ ከእኛ አይደለም፤ ብዕር የሚይዝና የማይደክም እጅ ነው የምንፈልገው።

ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ ሕጋዊ ነው፤ አይቋረጥም። የሕዝብ ቦታ በአደራ የተሰጠ ነው፤ አደራም ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይተላለፍም። ባለቤቱ እኛ ነን፤ ልጆቻችንም ናቸው። ከማናችንም አልተረፈም!

አላሁ አክበር!